የሚዋጥ ካሜራ ለእናቴ ይጠቅማታል? ኢንዶስኮፒውም ኮሎኖስኮፒውም «ንጹሕ ነው» ተብሏል

የጅሬኗ
ሰላም ናችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የምንኖረው እዚሁ ጅማ ነው። ደሟ ይወርዳል። ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፣ ከንፈሯ ይነጣል። ስትመረመር ሄሞግሎቢኗ 7 ምናምን ሆኖ ይገኛል። ደም ይሰጣታል፣ ትነሳለች፣ ከራርማ ደግሞ ትወድቃለች። መጀመሪያ አንድ ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» እያለ ሲያመላልሳት ከረመ። ስሙን አልጠራም። ኦሜፕራዞል በላይ በላዩ። ደሟን አንድ ቀን እንኳ አልለኩም። ኋላ ሆስፒታል ስንገባ ነው ሰገራዋ ላይ በዓይን የማይታይ ደም አለ የተባልነው።

ከዚያ ኢንዶስኮፒ ተነሳች፣ በአፍ የሚገባው የካሜራ ቱቦ። ምንም የለም። ከታች የሚገባው ኮሎኖስኮፒም ተደረገላት። እሱም ምንም የለም። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ ቁጭ ብሎ አስረዳን። «ከላይም ከታችም አይቻለሁ፣ የቀረኝ መሃሉ ነው፣ ትንሹ አንጀት» አለን።

አሁን የአጎቴ ልጅ ከውጭ ደውሎ «ካሜራ ያለው ክኒን አለ፣ ትዋጠው» ይላል። ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ታላቅ ወንድሜ ያለንን ሸጠንም ቢሆን ይደረግላት ባይ ነው። እናቴ ደግሞ «እኔ ባትሪ አልውጥም» ብላ ድርቅ ብላለች። ለመሆኑ ነገሩ ይሠራል? እውነት መሃሉን ያሳያል? ተሰንቅሮ ቢቀርስ?

ቡና ቀማሽ
እማማ ካሜራ ውጠው ቲክቶክ ላይ ላይቭ እንዳይገቡብን ብቻ። ቀልዴን ነው እህቴ። ፈጣሪ ይማርልሽ።

ባዮሜድ ጅማ
እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ምህንድስና ነው የምማረው። ሐኪም አይደለሁም። ስለ ዕቃው ግን ማውራት እችላለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ እውነት ነው። አዲስም አይደለም። ሐሳቡ የገብርኤል ኢዳን ነው። እስራኤላዊ መሐንዲስ ነው፣ ሥራው ሚሳይል ላይ የሚገጠም የምስል መሣሪያ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ የአንጀት ሐኪም ወዳጁ «ትንሹን አንጀት ማየት አልቻልንም» ብሎ አማረረለት። ሰውየው ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። ችግሩ ያኔ ካሜራው ትልቅ ነው፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ትንሽ ኃይል የሚበላ የምስል ቺፕ እስኪመጣ ብዙ ዓመት ጠበቀ። ውጤቱ በ2000 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። በ2001 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ፈቀደው። ዛሬ ፒልካም በሚል ስም የሚታወቀው ነው።

መጠኑ፦ ርዝመቱ 26 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 4 ግራም አይሞላም። አንደኛው ጫፉ ብርሃን አስተላላፊ ነው። ከዚያ ጀርባ ሌንስ አለ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ነጭ መብራቶች አሉ። ቀጥሎ የምስል ቺፑ፣ ባትሪዎቹ፣ መጨረሻ ላይ የሬዲዮ ማስተላለፊያው። የመጀመሪያው ሞዴል በሴኮንድ 2 ፎቶ ያነሳል። ባትሪው 8 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ይህ ሲደመር ከ50,000 በላይ ፎቶ ነው። ፎቶው ክኒኑ ውስጥ አይቀመጥም። ወገብ ላይ ወደታሰረ መቅጃ በሬዲዮ ይላካል። ሞተር የለውም፣ አንጀት ራሱ ምግብ እንደሚገፋው ይገፋዋል።

አሁን ዋናው ጥያቄሽ። የአዲስ አበባ–ጅማን መንገድ አስቢው። ኢንዶስኮፒ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሰበታ ላይ ይቆማል። ኮሎኖስኮፒ ከጅማ ተነስቶ ሰርቦ ላይ ይመለሳል። ወሊሶን፣ ወልቂጤን፣ ጊቤን ያየ የለም። ትንሹ አንጀት 6 ሜትር ገደማ ነው። የእናትሽ ሐኪም «መሃሉ ቀረኝ» ያለው ይህንን ነው። ክኒኑ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ከመሬት ተነስቶ አይደለም የሚያወራው።

ግን የማይችለውንም እወቂ። ቁራጭ ሥጋ ቆርጦ ለምርመራ አያወጣም። የሚደማ ነገር ቢያይ አያቆመውም። ቆሻሻ ቢጋርደው አያጥብም። ያለፈውን ቦታ ተመልሶ አያይም። እየተገላበጠ ስለሚሄድ ፊቱን አዙሮ ቁስሉን ሊያልፈው ይችላል። «አላየሁም» ካለ «የለም» ማለት አይደለም።

የጅሬኗ
ባዮሜድ፣ ይህን የመንገዱን ነገር ለእናቴ እንዳለ አነበብኩላት። ሳቀች። «ጊቤ በረሃ ላይ ነው እንግዲህ የሚደማኝ» አለች። ባትሪውን ግን አሁንም እምቢ ብላለች።

ሲስተር መንደራ
ነርስ ነኝ። ካሜራውን ትተሽ መጀመሪያ ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ቲቢ ታመው ያውቃሉ? ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ነበር? ምግብ ከበሉ በኋላ ሆዳቸውን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ያስመልሳቸዋል? ሆዳቸው ላይ ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው ያውቃል? ለጉልበት ወይም ለወገብ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?

ለምን እንደጠየቅኩሽ ልንገርሽ። «ተሰንቅሮ ቢቀርስ» ያልሽው የማይረባ ፍርሃት አይደለም። ሐኪሞቹም አስቀድመው የሚያስቡት እሱን ነው። በጠቅላላው ሲታይ ከ100 ሰው በ1 ወይም በ2 ገደማ ላይ ክኒኑ ሳይወጣ ይቀራል። አንጀቱ የጠበበ ሰው ላይ ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል። ፈረንጆቹ በብዛት የሚፈሩት ክሮንስ የሚባለውን በሽታ ነው። እኛ አገር ደግሞ የአንጀት ቲቢ አለ። ቲቢ ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይወዳል። ሲድን ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው አንጀቱን ያጠበዋል። ክኒኑ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ብዙ ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ግን በ2 ሳምንት ካልወጣ ቀረ ይባላል። ከዚያ ወይ በረጅም ቱቦ ወይ በኦፕራሲዮን ማውጣት ሊመጣ ነው።

ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ መጀመሪያ ሲቲ ስካን ያዝዛሉ። ሌላም ዘዴ አለ። ካሜራ የሌለው፣ በዚያው መጠን የተሠራ የመሞከሪያ ካፕሱል ይሰጣሉ። ሆድ ውስጥ ከተያዘ ቀስ ብሎ ሟሙቶ ይሄዳል። እሱ ሳይሟሟ በጊዜው ከወጣ እውነተኛው ይከተላል።

የጅሬኗ
ሲስተር፣ ቲቢ የለም። ኦፕራሲዮንም የለም። ማስመለስም የለም። ለጉልበቷ ግን ዲክሎፌናክ ትወስዳለች። ብርዱ ሲመጣ በየቀኑ። ያለ ወረቀት ነው፣ «ሂጂና አምጪልኝ» ትለኛለች፣ አመጣለሁ። ሲጠፋ ደግሞ ጎረቤት አይቡፕሮፌን ያበድራታል። ይህ ከደሙ ጋር ምን አገናኘው? ኢንዶስኮፒው እኮ ጨጓራዋ ደህና ነው ብሏል።

ፋርማሲ ሄርማታ
እህቴ፣ ይህን መልስ እየጠበቅኩ ነበር።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ እንደሚያቆስሉ ሰው ሁሉ ያውቃል። ትንሹን አንጀትም እንደሚያቆስሉ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ለረጅም ጊዜ በደንብ ያልታወቀው የሚታይበት መንገድ ስላልነበረ ነው። ይህ የሚዋጥ ካሜራ ሲመጣ ነው ነገሩ ፍጥጥ ብሎ የወጣው። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ጤነኛ ሰዎችን ወስደው ለ2 ሳምንት ናፕሮክሰን የሚባለውን የእነ ዲክሎፌናክ ወገን ከኦሜፕራዞል ጋር ሰጧቸው። ከዚያ ካሜራውን አስዋጧቸው። 55 በመቶዎቹ ትንሹ አንጀታቸው ላይ መላላጥ ተገኘባቸው። ባዶ ክኒን የወሰዱት ላይ 7 በመቶ ብቻ ነበር።

ኦሜፕራዞሉን አስተውይ። ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጨጓራን ይጠብቃል። ትንሹ አንጀት ላይ ግን ጉዳቱ የሚመጣው ከአሲድ አይደለም። ስለዚህ አይጠብቀውም። እናትሽ ዲክሎፌናኩን ከኦሜፕራዞል ጋር እየወሰዱ ከሆነ ጨጓራቸው ንጹሕ ሆኖ አንጀታቸው ሊደማ ይችላል። ነው አላልኩም። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት። ሌላም ብዙ ምክንያት አለ። በእሳቸው ዕድሜ የአንጀት ላይ ትንንሽ የደም ሥሮች ተበላሽተው መድማታቸው የታወቀ ነው። ዕጢም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከሲስተር ንግግር ጋር ይሄዳል። እነዚህን መድኃኒቶች ለዓመታት የወሰደ ሰው አንጀቱ ውስጥ ቀለበት የሚመስል ጠባሳ ሊያበጅ ይችላል። እሱም ያጠበዋል። ስለዚህ ክኒኑን ለሚሰጠው ሐኪም «ዲክሎፌናክ ትወስዳለች» ብሎ መንገር ግዴታ ነው። በአፍሽ ብቻ ሳይሆን ፓኬቱን ይዘሽ ሂጂ።

ደግሞም ከዚህ ያነበበ ሰው ሁሉ ለልብ የታዘዘለትን አስፕሪን በራሱ እንዳያቋርጥ። የሱን ነገር ሐኪሙ ይወስን።

የጅሬኗ
እኔ ምን ልበል። ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ በርበሬና ስለ ቡና ነው የጠየቋት። «በርበሬ ተዪ፣ ቡና ተዪ» እየተባለች ከረመች። ጅማ ተቀምጣ ቡና ተዪ! ስለ ጉልበቷ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

ሲስተር መንደራ
አንቺም አልነገርሽማ። አትቆጪኝ። ሰው «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲባል የጉልበት ክኒን አይቆጥረውም። ማስታገሻ ነው፣ ምን አላት ይላል። ለዚያ ነው በስሙ ጠርቼ የጠየቅኩሽ።

ላብራቶሪ ቤት
በኔም በኩል አንድ ነገር። እናትሽ ቡና ለቀማ ይወርዳሉ? እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ?

መንጠቆ ትል የሚባለው በእግር ቆዳ ነው የሚገባው። ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ትንሹ አንጀት ነው። እዚያ ግድግዳውን ነክሶ ደም ይመጣል። አንደኛው ዓይነት፣ አንዷ ትል ብቻ በቀን ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ደም ልታባክን ትችላለች። ትንሽ ይመስላል። መቶ ትል ያለው ሰው ግን አስቢ። ከቡና እርሻ አካባቢ ለሚመጣ የደም ማነስ ይህን ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። ውጭ አገር ካሜራ አስውጠው መንጠቆ ትል ያገኙበት ጊዜ አለ። ቪዲዮው ላይ ትሏ ስትወዛወዝ ትታያለች። በሰገራ ምርመራ ሊገኝ የሚችል ነገር በስንት ዶላር ተገኘ ማለት ነው።

ግን አንዴ ብቻ አይታይ። እንቁላሉ በየቀኑ እኩል አይወርድም። በተለያየ ቀን ደጋግመሽ አስመርምሪ። ሰገራውም ሳይቆይ ላብራቶሪ ይድረስ። አንዳንድ ሰው ማታ አስቀምጦ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያመጣዋል። እንዲህ ያለውን አይቶ «የለም» ማለት ዋጋ የለውም።

የጅሬኗ
ትወርዳለች። ጎማ ጫማ ገዝተንላታል፣ ታወልቀዋለች። «ያንሸራትተኛል» ነው መልሷ።

ያገሬ ቡና ዲሲ
የአጋሮ ልጅ ነኝ፣ አሜሪካ ነው ያለሁት። ይህን ነገር ውጬዋለሁ። ምክንያቱ የናትሽ ዓይነት ነው፣ የደም ማነስ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ እማማም ይስሙት።

ከአንድ ቀን በፊት ምሳ ላይ ቀለል ያለ ነገር በላሁ። ከዚያ ፈሳሽ ብቻ። ማታ አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት በውሃ በጥብጠው ሰጡኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሁሉም የሚያስጠላው እሱ ነው። ሌሊቱን ሽንት ቤት ነው ያሳለፍኩት። ጠዋት ባዶ ሆዴን ሄድኩ። ሆዴ ላይ መቀበያዎቹን ለጠፉልኝ፣ ወገቤ ላይ መቅጃውን አሰሩልኝ። ከዚያ ነርሷ ካፕሱሉን ከማሸጊያው አወጣችው። ማሸጊያው ማግኔት አለው፣ ከማግኔቱ ሲላቀቅ ራሱ ይበራል። እጇ ላይ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል። አፌ ውስጥ ስከተው ፊት ለፊቴ መስታወት ነበር። ጉንጬ ከውስጥ ሲበራ አየሁት። ሳቅ ያዘኝ። ልተፋው ምንም አልቀረኝም።

በውሃ ወረደ። ምንም አይሰማም። ከ2 ሰዓት በኋላ ውሃ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ቀለል ያለ ምግብ ፈቀዱልኝ። ቀኑን ሙሉ ስንቀሳቀስ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ መቅጃውን መለስኩ። ካፕሱሉን ሲወጣ አላየሁትም፣ ብዙ ሰው አያየውም አሉኝ። በ1 ወይም በ2 ቀን ይወጣል፣ አንዳንዱ ላይ ይዘገያል። እስኪወጣ ድረስ ግን ኤምአርአይ ክልክል ነው። ይህን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ማሽኑ ማግኔት ነው፣ ሆድ ውስጥ ብረት ያለበት ነገር ይዘሽ አትገቢም።

የኔ ምን ተገኘ? ሁለት ትንንሽ የሚደሙ የደም ሥሮች። ከዚያ በሌላ ረጅም ቱቦ ገብተው ተኮሷቸው። ማለትም ክኒኑ አሳየ እንጂ አላዳነኝም። ሁለተኛው ሥራ ባይኖር ኖሮ ፎቶ ይዤ ቤቴ እገባ ነበር።

ቡና ቀማሽ
ይህ ጉንጩ የበራው ሰውዬ ገደለኝ።

ሾፌሩ
ይቅርታ፣ ጥያቄ አለኝ። ሲወጣ ታጥቦ ለሌላ ሰው ይሰጣል?

ያገሬ ቡና ዲሲ
ሾፌሩ፣ ረጋ በል። የአንድ ጊዜ ነው። ሽንት ቤት ገብቶ ይቀራል።

ሾፌሩ
ያን ያህል ገንዘብ!

ባዮሜድ ጅማ
ሾፌሩ የተናገረው ቀልድ ይመስላል እንጂ ነጥብ አለው። ካፕሱሉ ብቻ ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ነው የሚሸጠው። በዶላር ይገዛል፣ አንዴ ይዋጣል፣ ይጣላል። መቅጃው ሌላ ነው፣ ሶፍትዌሩ ሌላ ነው። ደግሞ ከ50,000 በላይ ፎቶ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ቪዲዮውን ማንበብ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። አሁን ኮምፒውተሩ ቀይ ነገር ያለበትን ራሱ እየለየ ያግዛል። የሚፈርደው ግን ሰው ነው። ስለዚህ ክኒኑን በሻንጣ አስመጥቶ ጅማ ላይ መዋጥ ምንም ትርጉም የለውም። የአጎቷ ልጅ ይህን አስቦ ከሆነ ይተወው።

የእማማን የባትሪ ፍርሃት በተመለከተ፦ ፍርሃቱ መሠረት አለው። የሰዓት ባትሪ የዋጠ ሕፃን ጉሮሮው ይቃጠላል፣ በጣም አደገኛ ነው። ይኸኛው ግን በአሲድ በማይበላ ፕላስቲክ ታሽጎ ነው ያለው። ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ መዋጥ ዛሬ አልተጀመረም። በ1957 ነው ሬዲዮ ያለው ክኒን ተሠርቶ የአንጀት ግፊትና ሙቀት የተለካው። ጆን ግሌን የሚባለው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ በ1998 በ77 ዓመቱ ጠፈር ሲወጣ ሙቀት የሚለካ ክኒን ውጧል።

የጅሬኗ
ነገርኳት። «እሱ ጠፈር የሚሄድ ሰው ነው፣ እኔ ሰርቦም አልሄድ» አለችኝ።

ሆዴ ነፋኝ
እኔም ልጠይቅ። ከቦንጋ ነኝ። ለዓመታት ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴ ያቃጥለኛል። ጨጓራ ነው ይሉኛል፣ አሜባ ነው ይሉኛል፣ ታይፎይድ ነው ይሉኛል። ሁሉንም መድኃኒት ወስጃለሁ። ይህን ካሜራ ብውጠው አይሻልም? አንዴ አይቶ ይገላግለኝ ነበር።

ላብራቶሪ ቤት
ወንድሜ፣ አይገላግልህም። ካሜራ የሚያየው ቁስልና ደም ነው። መነፋት ፎቶ አይነሳም።

ደምህ ካልወረደ፣ ካልከሳህ፣ ሰገራህ ካልጠቆረ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ካልቀሰቀሰህ ከቀላሉ ጀምር። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ አገራችን ውስጥ በጣም የተስፋፋ ነው። የሰገራ አንቲጅን ምርመራ አለው። ግን ኦሜፕራዞል እየወሰድክ ከተመረመርክ ባክቴሪያው ይደበቅና «የለም» ሊልህ ይችላል። 2 ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፣ አንቲባዮቲክ ከወሰድክ ደግሞ 4 ሳምንት። የደሙን አንቲቦዲ ምርመራ ብቻ አይተው «አለብህ» ካሉህ ደግሞ ድሮ የነበረና የሄደም ሊሆን ይችላል። የታይፎይዱም የዊዳል ምርመራ ብዙ ያሳስታል። እሱን ብዘረዝር ሌላ ርዕስ ይሆናል።

ባዮሜድ ጅማ
ላንተ ዓይነት ሰው የሚሆን የሚዋጥ ሴንሰር አለ፣ ግን ካሜራ አይደለም። ልቤ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልበል።

ስማርትፒል የሚባል ነበር። ኤፍዲኤ በ2006 ፈቀደው። ካሜራ የለውም። የሚለካው አሲድ፣ ግፊትና ሙቀት ነው። ጨጓራ ውስጥ አሲዱ ኃይለኛ ነው። ካፕሱሉ ከጨጓራ ወጥቶ አንጀት ሲገባ የአሲዱ ልኬት በአንዴ ይለወጣል። ሰዓቱን አይተህ «ጨጓራው ለመጣል ይህን ያህል ፈጀ» ትላለህ። ከሰውነት ሲወጣ ደግሞ ሙቀቱ በድንገት ይወርዳል። ስለዚህ ጉዞው በሙሉ በሰዓት ይታወቃል። ምግብ ጨጓራቸው ውስጥ ለሚቆይባቸው የስኳር ሕመምተኞች፣ ከባድ ድርቀት ላለባቸው ሰዎች ጥሩ ነበር። አምራቹ ግን አቆመው። ጥሩ ዕቃ ሁሉ ገበያ ላይ አይቆይም።

ሌላው ጋዝ የሚለካው ነው። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ላይ ኩሮሽ ካላንታር-ዛዴህ የሚባል ተመራማሪ ከነቡድኑ ሠራው። በ2018 ሰው ላይ የተሞከረበትን ውጤት አሳተሙ። ኦክሲጅን፣ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። ሃይድሮጅን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እኛ አንሠራም። ያልተፈጨ ምግብ ሲደርሳቸው ያቦካሉ፣ ጋዝ ይወጣል። ኦክሲጅኑ ደግሞ ካፕሱሉ የት እንደደረሰ ይናገራል፣ ጨጓራ ውስጥ አለ፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ከሞላ ጎደል የለም። ስለዚህ «ጋዙ የትኛው ቦታ ላይ ነው የሚመረተው» ለሚለው መልስ ይሰጣል። የሆዴ ነፋኝ ጥያቄ ይኸው ነው አይደል?

ከሁሉም ደስ የሚለኝ ግን የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። በዚያው በ2018 ደም ሲያገኝ እንዲያበራ የተቀየረ ባክቴሪያ ካፕሱል ውስጥ አስገቡ። ከጎኑ ብርሃኑን የሚያነብ ቺፕ አለ። ደም ካለ ባክቴሪያው ያበራል፣ ቺፑ ስልክ ላይ ይልካል። አሳማ ላይ ሠርቷል። የጅሬኗ፣ ለእናትሽ አሁን አይደርስም፣ ተስፋ እንዳትሰጪብኝ።

ሆዴ ነፋኝ
አመሰግናለሁ። እንግዲህ ከሰገራው ልጀምር። ኦሜፕራዞሉን ግን ሳቆም ማቃጠሉን እንዴት ልቻለው?

ፋርማሲ ሄርማታ
አንታአሲድ የሚባለው የሚታኘክ ወይም የሚጠጣ አለ፣ በዚያ ጊዜ እሱን መውሰድ ትችላለህ። ፋርማሲ ስትሄድ ለምን እንደፈለግከው ንገራቸው።

ጨለማ አይወድም
ሁላችሁም ተማርን ባዮች ናችሁ። ኮሶ ጠጥተው ያደጉ አባቶቻችን ካሜራ አላስፈለጋቸውም።

ላብራቶሪ ቤት
ኮሶ የሚያወርደው የኮሶ ትልን ነው። መንጠቆ ትልና የሚደማ የደም ሥር ኮሶ አያውቁም። አባቶቻችንም ደማቸውን የለካላቸው ስላልነበረ ነው።

የጅሬኗ
እሺ፣ ልንገራችሁ። ሐኪሙ ጋ ተመልሰን ሄድን። የዲክሎፌናኩን ፓኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ዝም ብሎ አየውና «ይህን ለምን እስከዛሬ አልነገራችሁኝም» አለ። አስቆማት። ለጉልበቷ ፓራሲታሞልና የሚቀባ ነገር ሰጣት። ሰገራዋ በተለያየ ቀን እንዲታይ አዘዘ። ሁለተኛው ላይ የመንጠቆ ትል እንቁላል ተገኘ። የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ተሰጣት። የብረት ክኒንም ጀመረች።

ሲቲ ስካን ቀጠሮ ይዘንላታል። ሐኪሙ «ክኒኑን ለአሁኑ አቆዩት፣ ደሟን እንከታተል፣ መልሶ ከወረደ ያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ እጽፍላችኋለሁ» አለን። ወንድሜ ቅር ብሎታል። እሱ ካሜራውን ካላየ ሕክምና ተደረገ አይልም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሰገራዋ ጠቆረ። ደም ነው እንዴ?

ሲስተር መንደራ
የብረት ክኒን ሰገራ ያጠቁራል፣ የታወቀ ነው። ከጀመሩ ወዲህ ከሆነ አትደንግጪ። ደም የሆነው ግን እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፣ ሽታውም ለየት ያለና መጥፎ ነው። ያንን ካየሽ፣ ወይም ካዞራቸውና ልባቸው በጣም ከመታ፣ ሳታድሪ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ወንድምሽንም ይህን በይው። ክኒኑ ካስፈለገ መቼ እንደሚዋጥም ወሳኝ ነው። ደሙ እየፈሰሰ ባለበት ሰሞን ሲዋጥ ነው ቦታውን የማግኘት ዕድሉ የሚጨምረው። ከቆመ በኋላ ብዙ ጊዜ ባዶ ሜዳ ነው የሚያየው። ስለዚህ የሐኪሙ መጠበቅ ስንፍና አይደለም። ግን ከአሁኑ የምትሄዱበትን ቦታ በስልክ ጠይቁ። ካፕሱሉ እጃቸው ላይ ነው ወይስ ሲታዘዝ የሚመጣ? ቪዲዮውን የሚያነበው ማን ነው? ቢቀር የሚያወጣስ አለ? እነዚህን ሳትጠይቁ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳትነዱ።

የጅሬኗ
እጠይቃለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር። ያን ጊዜ የብረት ክኒኗን እየወሰደች መዋጥ ትችላለች?

ሲስተር መንደራ
አይቻልም። ብረቱ አንጀቱን ያጠቁረዋል፣ ፎቶው ይበላሻል። ጥቂት ቀን አስቀድመው ያስቆሟቸዋል፣ ስንት ቀን እንደሆነ የሚሰጧችሁ ወረቀት ላይ አለ። ረመዳን ላይ ከዋለ ደግሞ ቀጠሮውን ከወዲያኛው በኩል አድርጊው፣ ፈሳሹን ቀን መጠጣት ስላለባቸው።

የጅሬኗ
ጋላቶማ ሁላችሁም። እናቴ «ያ ጉንጩ የበራው ልጅ አሁን ደህና ነው ወይ» ብላ ጠይቂልኝ ብላለች።

ያገሬ ቡና ዲሲ
ደህና ነኝ በያቸው። ሄሞግሎቢኔ 13 ነው።